የልጄ ደም በመስቀል ሰሞን

ልጄ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ከቡታጅራ እኔ ዘንድ ወልቂጤ የመጣችው ነሐሴ ሲጋመስ ነው። የበኩር ልጅ በእናት ቤት ይታረሳል። ባሏም ይህን ስለሚያውቅ አልተከራከረም። ሻንጣዋን ከሚኒባሱ አውርዶ ደጃፌ ላይ አስቀመጠና «እማማ፣ አደራዎን» አለኝ። በወለድኳት ልጅ አደራ መባሌ ትንሽ ገረመኝ።

ምጡ አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። በመጨረሻ በኦፕራሲዮን ተገላገለች። ሴት ልጅ ናት። ሁለቱም ደህና ነበሩ፤ በአራተኛው ቀን ቤት ገባን። እመቤታችንን አመስግኜ አራሴን መንከባከብ ጀመርኩ።

አራስ መንከባከብ በኛ ዘንድ ሕግ አለው። አራስ ቀዝቃዛ ወለል አትረግጥም። ነፋስ አይነካትም። ከአልጋዋ የምትወርደው ለሽንት ብቻ ነው፣ ያውም ተደግፋ። ቢያንስ ሁለት ወር ትተኛለች፤ ሌላው ሰው ያበላታል፣ ያጥባታል፣ ልጇን አቅፎ ያመጣላታል። እኔ አራት ልጅ ወልጄ አራቱንም ጊዜ እንዲህ ተኝቻለሁ። እናቴ ናት ያስተኛችኝ፣ ምንም አልሆንኩም። ከሆስፒታል ያስወጣችን ነርስ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ትራመድ ብላ ነበር። ሰምቻታለሁ። ነርሷ ግን ገና ልጅ ነበረች፣ ውጭውም ዝናብና ጭቃ ነው። ደግሞ የአራስ ነገር ከናቴ የተማርኩት እንጂ ከሆስፒታል የምማረው አልመሰለኝም።

ልጄ በሳምንቷ ማጉረምረም ጀመረች። «እማ፣ በረንዳ ድረስ ልውጣ» ትለኛለች።

«ተኚ» እላታለሁ።

«ጀርባዬ ፍራሽ ሊሆን ነው።»

«የሚያስተኛሽ ያገኘሽው ዛሬ ነው። ነገ ቡታጅራ ስትመለሺ ማን ያስተኛሻል?»

በአጥር የምንዋሰን ጎረቤቴ ገበያ ውስጥ የቃጫ ገመድ ትሸጣለች። ሙስሊም ናት፤ ከሃያ ዓመት በላይ አብረን ኖረናል። ከሰዓት በኋላ አጥሚት ይዛ እየመጣች አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥ ነበር። «አንቺ፣ ይቺን ልጅ ጫጉላ አስገባሻት እንዴ? ሙሽራ እንኳ እንዲህ አትጠበቅም» ትለኛለች። እንስቃለን። እሷም ግን ልጄ ተነሥታ ትራመድ አላለችም። የሷም ሴቶች ልጆች የተኙት እንዲሁ ነው።

አዲስ ዓመት በገባ በሦስተኛው ቀን ልጄ የግራ ባቷን ያዛት። መጀመሪያ ቁርጥማት ነው አልን። በማግሥቱ ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳየው ግራው እግር ከቀኙ ወፍሯል። ቆዳው ተወጥሮ ያብረቀርቃል፣ ስነካው ይሞቃል። ብርድ ነው አልኩ። ውሃ በጨው አሙቄ ነከርኩት፣ አልተሻላትም። ቅቤ አቅልጬ ላሸው ስል እጄን ያዘችኝ፤ እንደዚያ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም። እኔ ካልቻልኩ የሚችል ሰው አለ ብዬ ወጌሻ አስጠራሁ።

ወጌሻው እዚሁ ጉራጌ፣ የአገና ሰው ነው። ሽማግሌ ነው፤ የአንዱን ልጄን ክንድና የስንቱን ሰው ወለምታ ያቃና ሰው ነው። ሲገባ «አሰላሙ ዓለይኩም» ብሎ፣ እጁን ታጥቦ፣ አልጋው አጠገብ ዱካ ላይ ተቀመጠ። የቀለጠውን ቅቤ በሳህን ፊቱ አደረግሁለት። አልነካውም። የእጁን ጀርባ መጀመሪያ በቀኙ እግር ላይ፣ ቀጥሎ በግራው ላይ አሳረፈ። ከዚያ በአውራ ጣቱ ቅልጥሟ ላይ ጫን አድርጎ ለቀቀ። ጣቱ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ጉድጓዱ እስኪሞላ ዝም ብሎ አየው።

ከዚያ ተነሥቶ ወደ ደጅ ጠራኝ። «ይህ አጥንት አይደለም፣ ጅማትም አይደለም» አለኝ። «ውስጥ ያለው ደም ነው የታመመው። እኔ ካሸሁት እገድላታለሁ።» በወጣትነቱ እንዲህ ያለ የአራስ እግር አሽቶ ነበር። ሴትዮዋ እሱ እጁን ታጥቦ ሳይጨርስ ትንፋሽ አጠራትና ሞተች። ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረኝ። «ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት። በእግሯ አታስኪጃት» አለኝና ሄደ።

ያን ሰው በጸሎቴ አነሣዋለሁ። እግሯን አላሸም፤ ልጄን ያዳናት መጀመሪያ ያ ነው።

ጎረቤቴ ባጃጅ አቆመች፣ ሁለት ሰው ተሸክሞ አወጣልን። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ብዙ አልጠየቀም። እግሯን አይቶ ወዲያው ወደ አልትራሳውንድ ክፍል ወሰዳት። ጭኗ ላይ ዝልግልግ ነገር ቀብቶ መሣሪያውን እየተጫነ ወረደበት። እኔን ወደ ስክሪኑ አስጠጋኝ። ጤነኛ ደም መልስ፣ ደምን ወደ ልብ የሚመልሰው ሥር፣ ከላይ ሲጫኑት እንደ ባዶ ቱቦ ይተኛል፤ አሳየኝ፣ ተኛ። ትንሽ ዝቅ ብሎ ተጫነ። እዚያ ያለው አልተኛም። ውስጡ ደም ረግቶ ነበር፤ ከባቷ ጀምሮ እስከ ጭኗ።

ሐኪሙ የጎጃም ሰው ነው፣ ወልቂጤ ከመጣ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ጭንቀቴን አይቶ ይሁን አላውቅም፣ ሳይቸኩል አስረዳኝ። የረጋው ደም እግሯ ውስጥ እስካለ ድረስ ያሳምማታል እንጂ አይገድላትም። ከዚያ ተነቅሎ በልብ በኩል ወደ ሳንባ ከሄደ ግን፣ አለና ቀሪውን አልጨረሰውም። እኔ ጨረስኩት። ወጌሻው ነግሮኝ ነበር።

ሰባት ቀን ሆስፒታል ተኛን። በቀን ሁለት ጊዜ ሄፓሪን የሚባል መርፌ ሆዷ ላይ ይወጓታል። «ሆዴ ወንፊት ሆነ» ትል ነበር ልጄ፣ ሕፃኗን በሌላ በኩል አስተኝታ እያጠባች። ወተቱን እንዳይበክለው ፈርቼ ጠየቅሁ፤ መርፌውም ሆነ በኋላ የሚሰጣት ኪኒን ሕፃኗን እንደማይጎዳ ነገሩኝ።

ጡረታ እስክወጣ አስተማሪ ነበርኩ። ያልገባኝን መጠየቅና መጻፍ ለምጃለሁ። ሐኪሙ በየጠዋቱ ዞሮ ሲመጣ አንድ ጥያቄ እጠይቀዋለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ፣ ያልተቆረጠ ሰው ደም ውስጡ ለምን ይረጋል የሚል ነበር።

ደም ሁለት ሥራ አለው አለኝ። መፍሰስ አንዱ ነው፤ ሲያስፈልግ መቆም ሌላው ነው። ደም ሥር ሲቀደድ በደም ውስጥ የሚዞሩ ፕላትሌት የሚባሉ በጣም ጥቃቅን ነገሮች ወደ ቀዳዳው ይሮጣሉ፣ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፣ ቀዳዳውን ይወትፉታል። ውታፉ ግን ብቻውን አይጸናም። ጉበት የሚሠራቸው፣ እስከዚያች ሰዓት በደም ውስጥ ዝም ብለው የሚዞሩ ፕሮቲኖች አሉ። አንዱ ሁለተኛውን ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛው ሦስተኛውን፣ መጨረሻ ላይ ቀጭን ክር ይወጣል። ክሩ ውታፉን ይተበትበዋል።

አጠገቡ የቆመችው ነርስ የአገና ልጅ ናት። «እንደ ቃጫ» አለችኝ። «እንሰት ሲፋቅ የሚወጣውን ቃጫ አያውቁትም? እንደሱ ነው።» ያኔ ገባኝ። ቃጫ ለብቻው ቢስቡት ይበጠሳል። ሲፈተል በሬ ይይዛል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው በተቀደደው ቦታ ብቻ ነው። ዙሪያው ያለው ጤነኛ የደም ሥር ግድግዳ መርጋቱ እንዳይስፋፋ ያቆመዋል። የሚያቆሙ ሌሎች ፕሮቲኖችም አሉ፤ እነሱንም ጉበት ይሠራቸዋል። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ክሩን እየቆራረጠ የሚያሟሟ ሌላ አለ። ማሰሪያውም ማቆሚያውም መፍቻውም በአንድ ደም ውስጥ አብሮ ይዞራል። ሰው ሳያውቀው፣ ተኝቶም ቆሞም፣ ዕድሜውን ሙሉ በልክ ይጠበቃል። ስድሳ ዓመት ስኖር ይህን አንድ ቀን አላመሰገንኩም፤ መኖሩንም አላውቅም ነበር።

የነፍሰ ጡር ደም ግን ልኩ ይቀየራል። ወሯ እየገፋ ሲሄድ ደሟ ለመርጋት ዝግጁ ይሆናል፣ ስትወልድ ደም ፈስሶ እንዳያልቅ። ከወለደች በኋላም ሳምንታት እንደዚያው ይቆያል። ይህ የፈጣሪ ጥንቃቄ ነው። ሐኪሙ በጣቱ ቆጠረልኝ። አንድ፣ ለመርጋት የተዘጋጀ ደም። ሁለት፣ ኦፕራሲዮኑ የነካው ሥር። ሦስተኛው፣ የማይንቀሳቀስ እግር። የእግር ደም ወደ ላይ የሚመለሰው ባት በተራመደ ቁጥር እየጨመቀ ስለሚገፋው ነው። ባት ካልሠራ ደሙ እዚያው ይተኛል።

ሦስተኛው የኔ ነበር። ሐኪሙ ይህን አላለኝም። ልጄም አላለችኝም፤ ዞር ብላ አየችኝ ብቻ።

መስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው ዋርፋሪን የሚባል ኪኒን ተሰጥቶን ወጣን። ይህ ኪኒን ጉበት የማርጊያ ፕሮቲኖቹን እንደ ልቡ እንዳይሠራ ይይዘዋል። የረጋውን አያሟሟም። ተጨማሪ እንዳይረጋ ይጠብቃል እንጂ የረጋውን ቀስ በቀስ የሚያሟሟው የራሷ አካል ነው። በየጊዜው ደሟ ይመረመራል፤ ላቦራቶሪው ደሟ ለመርጋት ስንት ሰኮንድ እንደሚፈጅበት አይቶ ከጤነኛ ሰው ጋር ያወዳድረዋል። አይ ኤን አር ይሉታል። ቁጥሩ በሁለትና በሦስት መካከል መሆን አለበት። ከሁለት ካነሰ ደሙ ይረጋል፣ ከሦስት እጅግ ካለፈ ይፈሳል። ልጄን አሁን ሁለት ነገር ሊገድላት እንደሚችል ገባኝ፤ በመካከሉ ያለው መንገድ ጠባብ ነው።

ሐኪሙ ሲያሰናብተን ሌላም ነገር አለ። «አመጋገቧን አትለዋውጡ። እንደወትሮው ትብላ።»

እሺ አልኩ።

ደንጌሳት ደረሰ። ደንጌሳት የመስቀል እርድ ከመግባቱ በፊት የሚውል የሴቶች ቀን ነው። በዚያ ቀን ሥጋ የለም። ጎመን ይቀቀላል፣ በደንብ ይከተፋል፣ በንጥር ቅቤና በሚጥሚጣ ይታሻል፣ ከአይብ ጋር በቆጮ ይበላል። ጎመን ክትፎ የሌለበት ቤት መስቀል አልገባበትም። እኔ ለአራስ ብዬ ከሌላው ዓመት አብዝቼ ሠራሁ። በማግሥቱ ሲታረድ ለአራስ ጥሬ ሥጋ ይከብዳል፣ ኪኒንም ትውጣለች ብዬ ክትፎውን ከለከልኳት፤ ጎመኑን ጨመርኩላት። ጎመን ቀላል ነው፣ ሆድ አይረብሽም። ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ሁሉ ወደ ጓዳ ገብቶ አራሷን ያጎርሳታል። ጎረቤት ያለው በሳህን ይልካል። አንድ ሳምንት ሙሉ ጠዋትም ማታም ጎመን በላች። ሲያልቅ ደግሜ ሠራሁ።

«ጎመን በጆሮዬ ሊበቅል ነው» አለች አንድ ቀን።

«ያበረታሻል» አልኳት።

መስቀል ሲወጣ ለምርመራ ሄድን። ቁጥሩ ከሁለት በታች ወርዶ ነበር። ሐኪሙ ኪኒኑን በሰዓቱ ትውጥ እንደሆነ ጠየቀ። ትውጣለች፤ እኔ ነኝ የማውጣት፣ ከጸሎቴ ቀጥሎ። ሌላ መድኃኒት፣ የባህል መድኃኒት ጠጥታ እንደሆነ ጠየቀ። አልጠጣችም።

«አመጋገቧስ፣ የተለወጠ ነገር አለ?»

«የለም» አልኩ። «እንደየዓመቱ ነው።»

ይህን ስል አልዋሸሁም። በዚህ ሰሞን ጎመን መብላት ለኔ ለውጥ አይደለም፤ ባትበላ ነበር ለውጡ። ሐኪሙም አላጠፋም፣ የጠየቀው ተመልሶለታል። የኪኒኑን መጠን ጨመረና ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሱ አለን።

ቤት ስንገባ የመስቀል ጎመን አልቋል፣ አይቡም አልቋል። ልጄም ጎመን አታሳዩኝ ብላለች። ገንፎ፣ እንቁላል፣ የሥጋ መረቅ መብላት ጀመረች። ኪኒኑ ግን በአዲሱ መጠን ቀጠለ።

መጀመሪያ ጥርሷን ስትፍቅ ድዷ ደማ። መፋቂያው ሻካራ ነው አልኩ። ዳሌዋ ላይ በልዞ ጠቆረ፤ አልጋው መትቷት ይሆናል አልን። ቀጠሮአችን አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት ላይ ሕፃኗን እያጠባች አፍንጫዋ ደማ። ጠብታው የሕፃኗ ነጭ ፎጣ ላይ ወረደ። ቀና በይ አልኳት፣ አፍንጫዋን ያዝኩላት። የሰው አፍንጫ ደምቶ ይቆማል። ይህ አልቆመም። አንድ ፎጣ ረጠበ፣ ሁለተኛው ረጠበ። ልጄ አላለቀሰችም። «እማ፣ ልጄን ያዢልኝ፣ እንዳልጥላት» አለች። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሰምታ ሮጣ መጣች፤ ሕፃኗን ተቀበለችን። እኛ በባጃጅ ሄድን። ሦስተኛውን ፎጣ ይዤ በልቤ የምጸልየው ጸሎት አንድ ቃል ብቻ ነበር፣ እሱም የሷ ስም።

ቁጥሩ ስምንት ሆኖ ወጣ።

ኪኒኑ ወዲያው ቆመ። አፍንጫዋን በጥጥ ወተፉት። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከሆስፒታል ከወጣችበት ቀን ጀምሮ የበላችውን፣ በየቀኑ፣ ሳላስቀር እንድነግረው ለመነኝ። ነገርኩት። የመጀመሪያው ቀን አጥሚት። ሁለተኛው ቀን ገንፎ። ከዚያ መስቀል ሆነ አልኩ።

«መስቀል ላይ ሥጋ ነው የሚበላው፣ አውቃለሁ» አለ። «ክትፎ። እሱ አይደለም ይህን ያደረገው።»

የአገናዋ ነርስ መርፌ እያዘጋጀች ነበር። ቀና አለች። «ዶክተር፣ ደንጌሳትስ?»

«ደንጌሳት ምንድን ነው?»

ነርሷ ወደኔ ዞረች። «ጎመን ስንት ቀን በላች፣ እማማ?»

«ሳምንት» አልኩ። «ጠዋትና ማታ።»

 ሐኪሙ በእጁ ፊቱን አበሰና ሳቀ፤ በኛ ላይ አልነበረም። «ሁለት መስቀል እዚህ በልቻለሁ» አለ። «የሚጠሩኝ ለእርዱ ነው። ጎመኑን ማንም አልነገረኝም።»

«ወንድ ለደንጌሳት አይጠራም» አለች ነርሷ።

ከዚያ አስረዳኝ። ጉበት የማርጊያ ፕሮቲኖቹን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን የሚሠራው ይህን ቫይታሚን ለጉበት በማሳጣት ነው። ጎመን ደግሞ ቫይታሚን ኬ የሞላበት ነው። እኔ በጓዳ ጎመን ስጨምር ኪኒኑ ተሸነፈ፤ ቁጥሩ ወረደ። እሱ ኪኒኑን ጨመረ። ጎመኑ ሲያልቅ ኪኒኑ ብቻውን ቀረና ደሙን አለልክ አቀጠነው። ሁለታችንም በአንድ ሚዛን ሁለት ጫፍ ላይ ቆመን፣ አንዳችን ሌላውን ሳናይ እንጭን ነበር።

ነርሷ በክንዷ የሰጠቻት መድኃኒት ያው ቫይታሚን ኬ ነው። እኔ በድስት የሰጠኋትን እነሱ በመርፌ ሰጧት። ከሰዓት በኋላ ደሙ ቆመ። ማግሥቱን ቁጥሩ ወረደ። አሁን ደግሞ አለልክ እንዳይወርድ ሁለት ቀን ተጨነቅን፤ እግሯ ውስጥ ያለው ገና አልሟሟም ነበርና። በሦስተኛው ቀን በሁለትና በሦስት መካከል ገባ። ሐኪሙ ወረቀቱን አምጥቶ ራሱ አሳየኝ። ግድግዳው ጥግ ሄጄ ሰገድኩ። ዘወር ብሎ ቆመልኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ጎመን ቤቴ አይገባም አልኩት። ኮስተር አለ። «እንደሱ አያድርጉ። አይከልክሏት፤ ብቻ ልክ ይኑረው። በቀን አንድ ጭልፋ ከሆነ ሁልጊዜ አንድ ጭልፋ። መድኃኒቱን በዚያ ልክ እናስተካክላለን።»

የንስሐ አባቴ ቤት ሄድኩ። ለሐኪም «የለም» ያልኩት ውሸት እንደሆነብኝ ነገርኳቸው። ካህኑ አዳመጡኝ። ልጄን በፍቅር አስተኝቼ፣ በፍቅር አብልቼ፣ ሁለት ጊዜ ወደ ሞት አቅርቤያት እንደነበርም ነገርኳቸው። ይህን ለሌላ ሰው አላልኩም። ብዙ አልተናገሩኝም። «የጠየቀሽን መልሰሻል» አሉኝ። «ከእንግዲህ ያልጠየቀሽንም ንገሪው። ለኔ ስትመጪ የምትናገሪው ስጠይቅሽ ብቻ ነው?» ስግደት ሰጡኝ፤ ፈጸምኩት።

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሣች። ልጄ ቤተ ክርስቲያን በእግሯ ሄደች፤ እግሯ ላይ የሚያጠብቅ ረጅም ካልሲ አድርጋ ነበር፣ ያ ግን አይታይም። ወዲያው የነቢያት ጾም ገባ። እሷ እንዳትጾም ካህኑ ፈቀዱላት፣ ታጠባለችና። እኔ ግን እጾማለሁ፤ በጾም ደግሞ የኛ ቤት ድስት ጎመን ነው። ለሷ በየቀኑ አንድ ጭልፋ፣ ጠርዙ ላይ አስተካክዬ አወጣላታለሁ። ጎረቤቴ አንድ ቀን ይህን አየች። «ያ ረቢ» አለች። «ጎመን የሚሰፍር ጉራጌ ዛሬ አየሁ። ለሕዝብ እንዳልነግርብሽ።» ልጄ እስክታነጥስ ሳቀች። ስታነጥስ አፍንጫዋን አየሁ። ደህና ነበር።

ቁጥሯ ከዚያ በኋላ ከልኩ አልወጣም። ሐኪሙ የቀጠሮውን ጊዜ እያራዘመ ሄደ። ገና ካለፈ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ወሰድኳት። ያንኑ መሣሪያ ጭኗ ላይ አደረገው፣ ተጫነ። ደም ሥሩ ተኛ። ትንሽ ዝቅ አለ፣ ተጫነ። ተኛ። ግድግዳው ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል፤ እግሯ ሲውል ሲያድር ሊከብዳት ይችላል አለ። ሌላ ከፀነሰች ግን ገና ከመጀመሪያው ሄዳ ትናገር፤ ያኔ መርፌው አስቀድሞ ይሰጣታል። ኪኒኑን ዛሬ አቁሙ አለን።

ያን ጊዜ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር፤ ግን ፈራሁ። ከአራት ወር ቁጥርና ወረቀት በኋላ ልጄ እንደ ማንኛውም ሰው ሆነች፤ ደሟን የሚጠብቅላት ከፈጣሪና ከራሷ አካል ሌላ የለም። እንዲህ ሆኖ መኖር ለኛ ለሁላችንም የተሰጠ ነው። ለልጄ ሲሆን ግን ለማመን ከበደኝ።

ባሏ መጥቶ ወሰዳት። ሚኒባሱ ሲነሣ «አትተኚ፣ ወዲያ ወዲህ እያልሽ ዋይ» ብዬ ለመንኳት። «እማ፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትይኝ?» አለች፤ ስቃ ነው።

ከዚያ በየጠዋቱ ቡታጅራ እደውል ጀመር። ጸሎቴን እንደጨረስኩ። ሕፃኗን እጠይቃለሁ፣ ባሏን እጠይቃለሁ፣ ከዚያ «እግርሽስ?» እላለሁ። መጀመሪያ አካባቢ በደንብ ትመልስልኝ ነበር፦ አላበጠም፣ አይሞቅም፣ አይጠዘጥዘኝም። በኋላ «ሁለቱም አሉ» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ባሏ ስልኩን አንሥቶ «እማማ፣ ገበያ ሄዳለች፤ እግሮቿን ይዛ ነው የሄደችው» አለኝ። ተቆጣሁት። በልቤ ግን ገበያ መሄዷን ወደድኩት።

ሁዳዴ ከተያዘ በኋላ ነው። አንድ ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ዋልኩ፤ ከዚያ የጎረቤቴ ልጅ ታጭታ ስለነበር እሷ ቤት ገባሁ፣ ሥራ አገዝኳት፣ ስንጫወት መሸ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ። በማግሥቱ ጠዋት ስልኬ ሲጮህ ልጄ ናት። እሷ መደወሏ አስደነገጠኝ።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ምንም አልሆንኩም። ትናንት አልደወልሽም።»

አሰብኩት። እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ ደም የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም።

«ረሳሁት» አልኳት።

 ከኋላዋ ሕፃኗ የሆነ ነገር ስትቀጠቅጥ ይሰማል።

«እሰይ» አለች ልጄ።